የተደፋ ጣሳ ያለበት በር፦ የአንድ ቤተሰብ ጠላ ቤት በደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ከተማ ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ ጠላ ቤት የንግድ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ መኖሩን የሚያስታውቀው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ቤቱን የሚጠራው በአሮጊቷ እናት ስም በመሆኑና ግቢው የቤተሰቡ መኖሪያም ስለሆነ፣ ስሙን ከመጥቀስ ተቆጥቤያለሁ። ጌሾውን የሚመርጡትና ጥንስሱን የሚቀምሱት እማማ ናቸው፤ ጠመቃው በሙሉ በልጃቸው እጅ ነው፤ ምጣዱን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ይዛዋለች። ይህ ግምገማ በዋናነት ስለ ጠላው ነው፤ ምግቡ ተከታይ ነው፣ ጠጁ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል።

ጠላው በጣሳ ሲቀርብ መልኩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ከላይ ስስ አረፋ ይዟል። ቀጂዋ ጣሳውን ከማቀበሏ በፊት ጥቂት በመዳፏ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ይህ በየጠላ ቤቱ የነበረ ወግ ነው፣ ዛሬ ግን ብዙ ቦታ ቀርቷል። በመጀመሪያ የሚመጣው የወይራ ጢስ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ ጣዕም አፍን ይሞላል፤ የጌሾው ምሬት ግን ወዲያው አይታወቅም፣ ከተዋጠ በኋላ ነው ከምላስ ሥር የሚነሣው። መራራነቱን ፊት ለፊት የሚያቀርብ ጠላ ብዙ ጊዜ ጌሾው የበዛበት ወይም ገና ያልበሰለ ነው። እዚህ ግን ምሬቱ ከጣፋጩ ጋር ተማክሮ የመጣ ይመስላል። ጉሽ ለሚወድ ጉሹም አለ፤ እኔ የጠለለውን እመርጣለሁ።

ይህ ጣዕም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ጓዳው መግባት ያስፈልጋል፤ የቤቱ ባለቤትም አይከለክሉም። ጋኑ በመጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም በሚጨስ የወይራ ፍልጥ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ጢሱ ጋኑን ያጸዳል፣ ሽታውም በሸክላው ውስጥ ቀርቶ ወደ ጠላው ይገባል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና የብቅል ዱቄት በውሃ ተደርጎ ይጠነሰሳል። ብቅሉ የሚዘጋጀው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪጎነቁል ይቆያል፣ ከዚያም በፀሐይ ይደርቃል። ብቅሉ እሳት አያይም፤ ምክንያቱም የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች በእሳት ስለሚጠፉ ነው። እሳት የሚያየው ሌላው ገብስ ነው፤ በብረት ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፣ ተፈጭቶና በውሃ ተለውሶ ተመልሶ ምጣድ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንኩሮ ይሆናል። የጠላው መልክና መዓዛ የሚወሰነው በዚህ ምጣድ ላይ ነው፤ አንድ ደቂቃ ያለፈበት አሻሮ ጋኑን በሙሉ የአመድ ጣዕም ይሰጠዋል። የልጅ ልጇ አሻሮውን ስትቆላ ዓይኗን ከምጣዱ አትነቅልም፤ እማማም ከመደቡ ላይ ሆነው ምጣዱን ሳያዩ፣ በሽታው ብቻ «አውጪው» ይሏታል።

ለጠላው የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ፣ የተወቀጠ የጌሾ እንጨት ተጨምሮ ድፍድፉ ከተደፈደፈና እንኩሮው ከገባ በኋላ ጋኑ ይከደናል፤ ሲደርስ ውሃ ይሞላና እንደገና አፉ ይመረጋል። እዚህ ላይ ነው ይህ ቤተሰብ ከሌሎች የሚለየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ውርጭ ይለብሳል። እርሾ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ ቆላ ላይ በሁለት ቀን የሚነሣ ጥንስስ እዚህ በውርጩ ወራት እጥፍ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። አንዳንድ ጠማቂ ይህን ጊዜ ለማሳጠር ስኳር ወይም የሱቅ እርሾ ይጨምራል፤ እንዲህ ያለው ጠላ ቶሎ ያሰክራል፣ ራስ ምታቱም በማግስቱ ይከተላል። እነዚህ ግን ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠግተው በባና ይሸፍኑታል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ጠላ ፈልጎ የመጣ ሰው «ገና አልደረሰም» ተብሎ ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ብር የያዘ ደንበኛን መመለስ ለንግድ የሚበጅ አይመስልም፣ ቤቱ ግን የሚኖረው በዚሁ ነው።

በዚህ ከተማ የጠመቃ ነገር ሲነሣ የቢራ ፋብሪካዎቹን ማለፍ አይቻልም፤ ሐበሻና ዳሸን ሁለቱም እዚሁ ፋብሪካ አላቸው። የፋብሪካው ቢራና የጓዳው ጠላ ሁለቱም ከገብስ ብቅል ይነሣሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ቢራ ሲጠመቅ ብቅሉ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ፈሳሹ ይጠለላል፣ ምሬት ከሚሰጠው ተክል ከሆፕ ጋር ይፈላል፣ እርሾ የሚጨመርበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጠላ ግን ስታርቹ ስኳር መሆኑና ስኳሩ አልኮል መሆኑ በአንድ ጋን ውስጥ ጎን ለጎን ይካሄዳል፤ እርሾውንም የሚያመጡት የጌሾው ቅጠል፣ ብቅሉና የጋኑ ግድግዳ ናቸው። የሆፕን ቦታ የያዘው ጌሾ ነው፤ መምረር ብቻ ሳይሆን የሚያኮመጥጡትን ተሕዋስያን ያዘገያል። ቢሆንም ጠላ ሕይወቱ አጭር ነው፤ የአልኮል መጠኑ ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ስለሆነ፣ ጋኑ ከተከፈተ ከጥቂት ቀናት በኋላ መሆምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ጋን በተከፈተ ማግስት የጠጣ ሰውና በአራተኛው ቀን የጠጣ ሰው ስለዚህ ቤት የሚናገሩት ላይስማማ ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚበልጠው በነጻ የሚቀርበው ነው። ቆሎው ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ አሻሮውን በሚያውቅ እጅ መቆላቱ ያስታውቃል፤ ከጠላው ጋር ሲበላ ሌላ ነገር አያስመኝም። በጾም ቀን የሚቀርበው ሽሮ ወፍራምና ደህና ነው። ጥብሱ ግን አላስደሰተኝም፤ የመንዝ በግ በሚሸጥበት ከተማ ሥጋው ደርቆና ጨው በዝቶበት መቅረቡ ያሳዝናል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው እንጀራው ነው፤ ቤተሰቡ በጓዳ የገብስ እንጀራ እየበላ ለደንበኛ የሚቀርበው ከውጭ የተገዛ ነጭ የጤፍ እንጀራ ነው። እንግዳን ማክበር ተብሎ እንደሚደረግ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የገብስ አገር የመጣ ሰው የሚፈልገው የጓዳውን ነው። ጠይቄ ስላመጡልኝ ሌላውም እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ስለ ጠጁ ብዙ አልልም። ጠጅ መጣል በሸዋ ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ክብር ነበር፤ ጠላ ደግሞ የሁሉም ነበር። ብዙውን ጊዜ ጠጅ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበርዞ በጌሾ እንጨት ይጣላል፤ እዚህ በብርሌ የቀረበልኝ ግን ማሩ ያነሰው፣ ጣፋጭነቱም የስኳር የሚመስል ነበር። ማር በተወደደበት ጊዜ ይህ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ በጠላው ያን ያህል የማይደራደር ቤት በጠጁ እንዲህ መላላቱ አይመጥነውም፤ ቢተዉት ይሻላል።

የቆየው ክፍል የጭቃ መደብ ያለው፣ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። በቅርቡ በጎን የተሠራው ክፍል የፕላስቲክ ወንበር፣ ቴሌቪዥንና የጠርሙስ ቢራ ይዟል፤ ወጣቶቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ ገቢውም ጋኑን ሳይደግፍ አይቀርም፤ እኔ ግን ድምፁ ወደ አሮጌው ክፍል ባይሻገር እመርጥ ነበር። መስተንግዶው ትሕትና የተሞላበት ቢሆንም ቀርፋፋ ነው፤ በተለይ በቅዳሜ ገበያ ሰው ሲበዛ አንዲት ቀጂ አትበቃም። ሽንት ቤቱ በግቢው ጀርባ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ መብራት ግን የለውም። የአንድ ጣሳ ዋጋ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ግማሽ በታች ነው።

ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መሄድ ይሻላል፤ ሲመሽ ብርዱ ይበረታል፣ መደቡም ቦታ አይኖረውም። ሲገቡ ጋኑ መቼ እንደተከፈተ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ባለቤቷ በግልጽ ይናገራሉ፣ የሆመጠጠ ከሆነም ራሳቸው አይቀዱም። ይዞ ለመሄድ የሚፈልግ ዕቃውን ይዞ ይምጣ፣ ክዳኑንም አጥብቆ አይዝጋው፤ ጠላው በጀሪካን ውስጥ መፍላቱን አያቆምም። ለማኅበር፣ ለሰንበቴ ወይም ለሰርግ የሚያዝዝ ሰው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት መናገር አለበት፤ በውርጩ ወራት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ።