«ሂት»፦ እርምጃን ወደ ገንዘብ የሚመነዝር መሣሪያ

ለእግረኛ መንገድ ወይም ለብስክሌት መስመር በጀት ሲጠየቅ ከኃላፊዎች ዘንድ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ያስገኛል?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቀጣና ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀውና «ሂት» (HEAT፣ የጤና ኢኮኖሚያዊ መገምገሚያ መሣሪያ) በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የስሌት መሣሪያ ለዚሁ ጥያቄ የተሠራ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል።

ተጠቃሚው ስንት ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ያስገባል፤ መሣሪያው ደግሞ የአገሩን የሞት መጠን መነሻ አድርጎ በዓመት ምን ያህል ሞት እንደሚቀር ያሰላና በገንዘብ ይተምነዋል። በሳምንት 168 ደቂቃ በእግሩ የሚሄድ ሰው የመሞት ዕድሉ በ11 በመቶ፣ 100 ደቂቃ ብስክሌት የሚነዳ ደግሞ በ10 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ይነሳል። 168 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 24 ደቂቃ ነው፤ ሳይቸኩሉ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እንደመሄድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው እትም የአየር ብክለትን፣ የትራፊክ አደጋንና የካርቦን ልቀትንም በስሌቱ ውስጥ አስገብቷል።

ከሁሉም የወደድኩለት ግምቶቹን አለመደበቁን ነው። ከታየው ለውጥ ምን ያህሉ በፕሮጀክቱ ምክንያት እንደመጣ ተጠቃሚውን ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ የተጋነነ ሪፖርት ያስቀራል። በሌላ በኩል የሚቆጥረው ሞትን እንጂ ሕመምን አይደለም፤ በመንቀሳቀሱ ከስኳር በሽታ የዳነ ሰውም ሆነ በመኪና ተገጭቶ እግሩ የተሰበረ ከሂሳቡ ውጪ ናቸው። ለእግር ጉዞ ከ20 እስከ 74፣ ለብስክሌት ከ20 እስከ 64 ዓመት ያሉትን ብቻ ስለሚመለከት ተማሪ ሕፃናትም አይገቡበትም።

አዲስ አበባን ለመሰለ ከተማ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው። መሣሪያው የእግር ጉዞ የመሞትን ዕድል የሚቀንስበትን መጠን 30 በመቶ ላይ ይገድበዋል፤ እዚህ ጣሪያ ላይ የሚደረሰው በሳምንት 460 ደቂቃ ገደማ በመሄድ ነው። የታክሲ ሂሳብ ለመቆጠብ ጠዋትና ማታ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚኳትን የቀን ሠራተኛ ጣሪያውን ቀድሞ ነክቶታል፤ የተሻለ የእግረኛ መንገድ ቢሠራለት በስሌቱ ምንም አይጨመርለትም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ተጨማሪ እርምጃ ሳይሆን ከመኪና የሚጠበቅበት መንገድ ነው። የሕይወት መተመኛውም እንደየአገሩ ገቢ ስለሚለያይ በድሃ አገር የተረፈ ሰው በሀብታም አገር ከተረፈው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ውጤቱን ለከተማ ምክር ቤት የሚያቀርብ ባለሙያ የተረፉትን ሰዎች ቁጥር አስቀድሞ፣ ገንዘቡን አስከትሎ ቢያቀርብ እመክራለሁ።

ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ተገቢ የእግረኛ ቆጠራ ሊኖረው ይገባል። ስሌቱ የዓመቱን አማካይ ልማድ ስለሚፈልግ በጥር ፀሐይ ብቻ የተቆጠረ ቁጥር አይበቃም፤ በሐምሌ ዝናብም መቁጠር ግድ ነው።