የቢራ ጉዞ በሸራ መርከብ፦ ኔዘርላንድስ፣ ሜይን ወይስ ስኮትላንድ?

ቢራ የታከለበት የሸራ መርከብ ጉዞ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ መርከቧ ከወደብ ወደብ እየዞረች መንገደኛውን ጠማቂዎቹ ደጃፍ ታደርሰዋለች። በሌላው ጠማቂው ራሱ ቢራውን ይዞ ይሳፈራል። በሦስተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲጎትት የዋለው መንገደኛ ማታ ወርዶ በወደቡ መጠጥ ቤት ከበርሜል ይቀዳለታል። በሦስቱም ካፒቴንና መርከበኛ ስላለ ከገዢው የባሕር ልምድ አይጠበቅም። ልዩነቱ ቢራው የሚገኝበት ቦታ ላይ ነው፤ የመነሻ ሰዓቱም፣ የመኝታው ምቾትም፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ከዚያ ይመነጫል። ለንጽጽሩ ኔዘርላንድስን፣ የአሜሪካዋን ሜይንንና የስኮትላንድን ምዕራብ ጠረፍ የመረጥኩት እያንዳንዳቸው ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ቁልጭ አድርገው ስለሚያሳዩ ነው።

ለሦስቱም የሚሠራ አንድ ነገር ላስቀድም። መርከቧ በጉዞ ላይ ሳለች መርከበኞቹ አይጠጡም። የመርከበኞችን ሥልጠናና ብቃት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ ሲሻሻል፣ በሥራ ላይ ላለ ሙያተኛ መርከበኛ በደም ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን 0.05 በመቶ ላይ ገድቦታል። ነፋስ ሸራውን ሲመታ ገመድ የያዘ መንገደኛም እጁና ዓይኑ መናበብ አለባቸው። ስለዚህ በደህና ፕሮግራም ውስጥ ቢራ የሚከፈተው መልህቅ ከተጣለ ወይም መርከቧ ወደብ ላይ ከታሰረች በኋላ ነው። ከቁርስ ጀምሮ ያልተገደበ መጠጥ የሚያስተዋውቅ ጉዞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛውም።

ኔዘርላንድስ፦ ቢራው ወደቡ ላይ ነው

የኔዘርላንድስ መርከቦች አብዛኞቹ በአንድ ወቅት እህል፣ ድንችና የማገዶ አፈር ሲያመላልሱ የኖሩ የጭነት መርከቦች ናቸው። ዛሬ የጭነት ክፍላቸው በትንንሽ ካቢኖች ተከፋፍሎ ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ይጭናሉ። ሃርሊንገን፣ ኤንክሃውዘንና ሆርን ዋነኞቹ መነሻ ወደቦቻቸው ናቸው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋቸው በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ የሚወርዱ ሰፋፊ ጣውላዎች አሏቸው። መርከበኞቹ ብዙ ጊዜ ካፒቴኑና አንድ ረዳት ብቻ ስለሆኑ ከባዱን ሸራ የሚሰቅለው መንገደኛው ራሱ ነው። ለጓደኛሞች ቡድን ይህን ያህል ደስ የሚል ሥራ የለም፤ በመጀመሪያው ቀን ማታ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ይግባባሉ።

የሚጓዙበት ውኃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። አይሰልሜር በ1932 ባሕሩ በ32 ኪሎ ሜትር ግድብ ሲዘጋ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ውኃው እንደ ባሕሩ ሰዓት ጠብቆ ስለማይሞላና ስለማይጎድል መነሻ ሰዓቱን መተመን ይቀላል፤ ለጀማሪ የሚሻለውም ይኸው ነው። ነፋስ ሲበረታ ግን ጥልቀት ስለሌለው አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ያስነሳል። ከግድቡ ማዶ ያለው የዋደን ባሕር በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሽና ሰፊ የአሸዋና የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። ካፒቴኑ ካመነበት መርከቧ ሆን ተብሎ ሜዳው ላይ ትቀመጣለች፤ መንገደኛውም በመሰላል ወርዶ ባሕር በነበረው ላይ በእግሩ ይራመዳል። ይህን ከሦስቱ ጉዞዎች የሚሰጠው የኔዘርላንድሱ ብቻ ስለሆነ እኔ ዋደንን አስበልጣለሁ።

ቢራውን በተመለከተ ቴሰል ደሴት ላይ አውደስኪልድ ወደብ ከደረሱ የደሴቲቱ ቢራ ፋብሪካ በእግር ወይም በብስክሌት የሚደረስበት ነው። ስኩምኮፐ የተባለው ቢራቸው ጠቆር ያለ የስንዴ ቢራ ሲሆን የአልኮል መጠኑ 6 በመቶ ነው። አምስተርዳም ማደር ላሰበም በ1985 የተከፈተውና ከአንድ ትልቅ የንፋስ ወፍጮ ሥር የሚገኘው የአይ ቢራ ፋብሪካ ጥሩ መጨረሻ ይሆነዋል። የአገሩ ቢራ ወደ 7 እና 8 በመቶ የሚደርስ ብዙ እንዳለው ግን አይርሱ። በዋደን ባሕር የመነሻ ሰዓትን የሚወስነው ውኃው ነውና ካፒቴኑ ከንጋት በፊት ሊቀሰቅስዎ ይችላል፤ ሦስተኛውን ብርጭቆ ከማዘዝዎ በፊት የነገ መነሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ። ከቢራው ወቅቶች መስከረምና ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ቦክ የሚባለው ጠቆር ያለ የብቅል ቢራ ያን ጊዜ ይወጣል፣ ነፋሱም ለሸራ ይበቃል። ቅዝቃዜው ግን ወፍራም ልብስ ይፈልጋል።

ድክመቱ ምቾቱ ነው። አልጋው ተደራራቢ፣ መታጠቢያው የጋራ ነው፤ በብዙዎቹ መርከቦች ላይ የምታበስሉት እናንተው ናችሁ። መርከቡም ብዙ ጊዜ በሙሉው ስለሚከራይ ለብቻው ወይም ከትዳር አጋሩ ጋር ለሚሄድ ሰው በነፍስ ወከፍ የሚሸጥ ቀን ማግኘት ፍለጋ ይጠይቃል።

ሜይን፦ ቢራው መርከቡ ውስጥ ነው

በሜይን ግዛት ከሮክላንድና ከካምደን የሚነሱት ስኩነሮች ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት መርከቦች ናቸው። ሌዊስ አር. ፍሬንችና ስቲቨን ቴበር የተባሉት ሁለቱም በ1871 ውኃ ላይ የወረዱ ሲሆን እስከ ዛሬ ይጓዛሉ። ፍሬንች ሞተር እንኳ የላትም፤ ነፋስ ሲጠፋ ከኋላዋ የታሰረች ትንሽ የሞተር ጀልባ ትገፋታለች። ፔኖብስኮት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ ከሦስቱ ማዕበሉ የሚቀለው እዚህ ነው። ማቅለሽለሽ የሚያስፈራው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ በዚህ ብቻ ሜይንን ቢመርጥ አያጠፋም። ወቅቱ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ በበጋው መጀመሪያ ጉም ይበዛል።

አብዛኞቹ ስኩነሮች መጠጥ አይሸጡም፤ መንገደኛው የራሱን ይዞ ይሳፈራል፣ በረዶውን መርከቧ ታቀርባለች። የቢራ ጉዞ የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው፦ አንዳንድ ካፒቴኖች በወቅቱ ውስጥ ለይተው በሚያወጡት ሳምንት ጠማቂ ይጋብዛሉ፣ ማታ ማታ መልህቅ ከተጣለ በኋላ እየቀመሱ ስለ ብቅሉና ስለ እርሾው ይነገራል። ቢራን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ፋብሪካ ሲጎበኙ አስጎብኚው አንድ ሰዓት ይሰጥዎታል፤ እዚህ ጠማቂው አብሮዎት ቁርስ ይበላል፣ ያልገባዎትን በማግስቱ መልሰው ይጠይቁታል።

ይሁን እንጂ መርከብ ለቢራ አመቺ ቤት አይደለም። ፀሐይ በአረንጓዴና ቀለም በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ካለፈ ከሆፕስ (እንደ ጌሾ ለቢራው ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው አበባ) የመጣው መራራ ንጥረ ነገር ይሰባበርና መጥፎ ጠረን ያመጣል፤ ስለዚህ ጣሳ ወይም ቡናማ ጠርሙስ ይመረጣል። ሙቀት ደግሞ የሆፕሱን መዓዛ ያጠፋዋል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ወደ ሕንድ የሚልኩት ቢራ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይጠብቀው ስለነበር ሆፕሱ እንዲበዛበት ይደረግ ነበር። የዛሬው አይፒኤ (ኢንዲያ ፔል ኤል፣ ሆፕስ የሚበዛበት ቢራ) ስሙን ከዚያ ይውረስ እንጂ ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በተለይ ደፍረስ ያለው ዓይነት ከተጠመቀ ብዙ ሳይቆይና ቀዝቅዞ ካልተጠጣ ይሞታል። ሜይን ደግሞ ይህን ቢራ የሚወድ አገር ነው። ሻጩን፣ ቢራው የሚጫነው በዚያው ሳምንት ነው ወይ፣ በረዶውስ በጉዞው መሃል ይታደሳል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቀላል ነገር ይዘው መሄድ ከፈለጉ ከ1995 ጀምሮ ፖርትላንድ ውስጥ የሚጠምቀው አላጋሽ በቤልጅየም አጠማመቅ የሚሠራው የስንዴ ቢራ ለመርከብ ምሽት ይስማማል፤ ፖርትላንድ ከሮክላንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው በአሜሪካ ሕግ አይጠጣምና ወጣት ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ጉዞ አይሆንም፤ በሁለቱ የአውሮፓ አገሮች ወሰኑ 18 ነው።

ስኮትላንድ፦ ቢራው ነፋሱ ከፈቀደ ነው

ከኦባን ወደብ በሚነሳ ያክት (አነስ ያለ የሸራ ጀልባ) ላይ የሚሳፈሩት ከስድስት እስከ አሥር ሰዎች ናቸው፤ እዚህ መንገደኛ ማለት ግማሽ መርከበኛ ማለት ነው። መሪውን ይይዛሉ፣ ተራዎን ይጠብቃሉ፣ ዝናብም ይመታዎታል። በጁራና በስካርባ ደሴቶች መካከል ኮሪቭሬከን የሚባል ኃይለኛ የውኃ ሽክርክሪት ስላለ ካፒቴኑ የሚያልፍበትን ሰዓት ይመርጣል እንጂ ለቢራ ቀጠሮ ብሎ አይቸኩልም። ሸራ መምራት መማር የሚፈልግ ሰው በሌሎቹ በአንድ ሳምንት የማያገኘውን ልምምድ እዚህ በሁለት ቀን ያገኛል።

በስኮትላንድ ሊጠጣ የሚገባው በበርሜል ውስጥ ከነእርሾው የሚበስለው ቢራ ነው። እርሾው ከበርሜሉ ግርጌ ካልረጋ ቢራው አይጠራም፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ደግሞ አይረጋም። ስለዚህ ይህ ቢራ ወደ እርስዎ አይመጣም፤ ቶበርሞሪ ወይም ሌላ ወደብ ላይ ወርደው መጠጥ ቤት መግባት ግድ ነው። ከፋይን የባሕር ወሽመጥ ጫፍ ከ2001 ጀምሮ የሚጠምቀው ፋይን ኤልስ ጃርል የተባለ 3.8 በመቶ ቢራ አለው። የሆፕሱ መዓዛ ከፍ ያለ፣ አልኮሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ በማግስቱ መሪ ለሚይዝ ሰው ከኔዘርላንድሱ ጠንካራ ቢራ የተሻለ ጓደኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ከቀሩት ወራት ዝናቡ ይቀንሳል፤ በበጋው እምብርት ደቃቅ ተናካሽ ትንኝ አለና ማታ መልህቅ ሲጣል ይሰማዎታል።

ገንዘቡ

የተጻፈውን ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት በአንድ ሰው የአንድ ቀን ሂሳብ ላይ ያምጡት፣ የተካተተውንም ይለዩ። በኔዘርላንድስ ኪራዩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ምግብ፣ የወደብ ክፍያና ቢራ ሲጨመሩ ልዩነቱ ይጠባል። የሜይን ዋጋ ከፍ ቢልም ምግቡ ብዙ ጊዜ ተካቶ ነው፤ ለመርከበኞቹ ጉርሻ መስጠት ግን የተለመደ ነውና በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት። በስኮትላንድ የሚከፍሉት በአብዛኛው ለካፒቴኑ ችሎታና ለቦታዎ ነው፤ መጠጥ ቤት የጠጡት ከኪስዎ ይወጣል። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው የሼንገን ቪዛ ለኔዘርላንድስ እንጂ ለስኮትላንድ እንደማይሠራ ይወቅ፤ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለማጣመር የሚያስብ ሁለት ማመልከቻ ያስገባል።

እኔን ምርጫዬን ለሚጠይቀኝ፦ ከአሥር ሰው በላይ ለሆነ ቡድን ኔዘርላንድስ፣ ለሁለት ሰውና ለቢራ ተማሪ ሜይን፣ ባሕሩን ከቢራው ለሚያስቀድም ስኮትላንድ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን ነፋስ ወይም ጉም ከጠማቂው ቢያስቀር ካፒቴኑ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥሩ ሻጭ ሁለተኛ ወደብ፣ በመርከቡ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ቢራ ወይም በመኪና የሚደረግ ጉብኝት ይጠቅሳል። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ያለ ጥርጥር እናደርስዎታለን የሚል መልስ ከመጣልዎ ቀብዱን ይዘው ይቆዩ።