ክረምቱን ችሎ በበጋ የላላብኝ የባሕር ዛፍ ንጣፍ

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለኤክስካቫተሬ መቆሚያ አሥራ ሁለት የባሕር ዛፍ ንጣፎች አሠርቼ ገዛሁ። የአንዱ ርዝመት 5 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ነው፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ሆነው የተጠረቡ አምስት ግንዶች ጎን ለጎን ተደርድረው በቡሎን ታስረዋል። የምሠራው አቃቂ አካባቢ፣ መረሬ (ዝናብ ሲነካው የሚጨቀይ ጥቁር አፈር) ላይ ነው። ክረምቱን በሰላም አሳለፍን፤ 20 ቶን የሚመዝነው ማሽን አንድም ቀን አልሰጠመም።

ጣጣው የመጣው በኅዳር ፀሐይ ነው። አንድ ማለዳ ማሽኑ ንጣፉ ላይ ሲወጣ የዳሩ ግንድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ጫፉ ብድግ አለ፤ ማሽኑም ወደ ጎን አዘነበለ። ኦፕሬተሩ ፈጥኖ ባልዲውን መሬት ላይ ባይተክል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ወርዶ «ጋሼ፣ እንጨቱ ተለቋል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቡሎኑን ከጫፉ የሚያጠብቀውን ዳዶ ስነካው በጣቴ ዞረ። ያለ መፍቻ፣ በባዶ ጣቴ! ከዳዶው ሥር በሚገባው ጠፍጣፋ ብረት (በሮንዴላው) እና በእንጨቱ መካከል ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር።

ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ የማለልኝ እንጨት እርጥብ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ብረቱ ቡሎን ግን አብሮት አያጥርም፤ ስለዚህ ማሰሪያው ይላላል። የግንዱ ጫፍ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ነው። አሁን ቢጠየቅ «የባሕር ዛፍ ጠባዩ ነው» እንደሚል አውቃለሁ። ጠባዩ ከሆነ ብሩን ስትቆጥር ለምን አልነገርከኝም? ከወር በኋላ ዳዶውን አጥብቅ ማለት ምን ያስከፍልህ ነበር?

ጓደኞቼ «ድሮውንም ጠጠር ብታፈስ ይሻልህ ነበር» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። አምና ስንት መኪና ሰሌክት (ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር) አስደፍቼ ጭቃው ውጦት ቀርቷል። ንጣፉን ግን ኤክስካቫተሩ ራሱ ከኋላው በሰንሰለት አንሥቶ ከፊቱ ያነጥፈዋል፤ ሥራው ሲያልቅም ይዤው እሄዳለሁ። የተናደድኩት በሻጩ እንጂ በንጣፉ አይደለም።

እስካሁን ሰባቱን ከወፍራም ላሜራ በተቆረጠ ሰፊ ሮንዴላ አጥብቄ፣ ጫፋቸውን የዘይት ቀለም ቀብቻለሁ። አራቱ ይቀራሉ፤ አንዱ በቡሎኑ ቀዳዳ በኩል ስለተሰነጠቀ ጥዬዋለሁ። ሌላ ስገዛ ግንዱ ጥላ ሥር ተደርድሮ መድረቁን በዓይኔ ሳላይ አንድ ብር አልከፍልም።