የሪሰርች ሴኪዩሪቲ ትሬኒንጉን ኮዬ ፈጬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት፣ ከ5 3.5 ሰጥቼዋለሁ

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር እየሰራችሁ ፕሮፖዛል ላይ ስማችሁ ሊገባ ለሆናችሁ ሰዎች ነው። ሰኞ ማታ እዛ ያለው ፒአይ፣ ማለት የፕሮጀክቱ ዋና ተመራማሪ፣ ኢሜይል ላከልኝ፣ ፕሮፖዛሉ አርብ ይገባል፣ አንተ ግን ትሬኒንጉን ወስደህ ሰርተፍኬቱን ካልላክህልኝ ስምህን ማስገባት አልችልም ይላል። የምን ትሬኒንግ? እኔ የማውቀው ኤቲክስ ነው፣ እሱን ደሞ ወስጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቺፕስ ኤንድ ሳይንስ የሚባለው የአሜሪካ ህግ ከፌደራል መንግስቱ የምርምር ብር የሚጠይቁ ቁልፍ ተመራማሪዎች ስለ ሪሰርች ሴኪዩሪቲ፣ ማለት የምርምር ስራ ወደማይገባው የውጭ እጅ እንዳይወጣ ስለመጠበቅ፣ መሰልጠን አለባቸው አለ፣ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚባለው የምርምር ብር ሰጪያቸው ደሞ ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ መሰልጠናችሁን አረጋግጡ ብሎ ቁርጥ አደረገው። የኢነርጂ መስሪያ ቤቱ ከሱም ቀድሞ ሜይ 2025 ላይ ጀምሯል። ቴክሳስ ሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ስምህ ከቁልፍ ሰዎቹ ዝርዝር ውስጥ ካለ ትሰለጥናለህ።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ነፃ ነው። ነፃ! ይሄን ደግሜ የምለው አንድ የዲፓርትመንታችን ልጅ ከተማ ውስጥ አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ጋር ሄዶ "የኮምፕላያንስ ፓኬጅ" ተብሎ ብር ከፍሎ ስለመጣ ነው፣ ፓኬጁ ሲከፈት እኔ በነፃ ያገኘሁት ሊንክና የሳም (ከአሜሪካ መንግስት ብር የሚጠይቁ የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ) ምዝገባ ነው፣ ሳም ላይ መመዝገብም እኮ ነፃ ነው። እንዳትሸወዱ።

ትሬኒንጉ ድሮ አራት ሞጁል ነበር፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ምን ማሳወቅ እንዳለብህ፣ አደጋን ስለመቀነስ እና ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር። ኋላ ላይ ሲኪዩር ሴንተር የሚባለው ተቋም አራቱንም ጨምቆ ወደ አንድ ሰዓት ግድም አወረደው፣ እኔ የወሰድኩት ይሄን አጭሩን ነው። አንድ ሰዓት የሚለው ግን መብራት የማይጠፋበት አገር ሰዓት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀመርኩ፣ ግማሽ ላይ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩ አብሮ ሄደ፣ በሞባይል ዳታ ስቀጥል ቪዲዮው እየተንጠባጠበ፣ ባለቤቴ በሻማ አጠገቤ የልጁን የቤት ስራ እያየች፣ ስጨርስ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ይዘቱ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛው ክፍል፣ ስለ ማሳወቅ የሚያወራው፣ ለብቻው የምሽቱን ድካም ያካክሳል። እኔ ፒኤችዲዬን ቻይና ነው የሰራሁት፣ በመንግስታቸው ስኮላርሺፕ፣ እንደኔ የሆነ መምህር ደሞ እኛ ግቢ በሽ ነው። ፎርሙ ላይ "ማላይን ፎሪን ታለንት ፕሮግራም" (ጎጂ የሚሉት የውጭ አገር የባለሙያ ምልመላ) የሚል ነገር መጥቶ ቻይና፣ ኢራን፣ ሰሜን ኮሪያና ሩሲያ ተዘርዝረው ሳይ ሆዴ ቡጭ ነው ያለው፣ በቃ ዲግሪዬ ራሱ ወንጀል ሆነ አልኩ። አይደለም። ክልክሉ ከነዚህ አገሮች መንግስት ወይም እዛ ካለ ተቋም ጥቅም ተቀብለህ፣ በምትኩ ያልተፈቀደልህን ውጤት አሳልፈህ የምትሰጥበት፣ ሌላ ሰው የምትመለምልበት፣ ወይም ልውጣ ብትል የማትወጣበት አይነት ውል ነው። ጽሁፍ ማሳተም፣ ኮንፈረንስ መሄድ፣ ለተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ እንደዛ አይቆጠርም። ዲግሪህን ሲቪው ላይ እንደማንኛውም ትምህርት ትጽፈዋለህ፣ አለቀ።

ጣጣው ያለው ትንሽ የምትመስለው ነገር ላይ ነው። ደሞዝ የማይከፈልህ ቪዚቲንግ ምናምን የሚል ማዕረግ አለህ? ይጻፋል። የድሮ አድቫይዘርህ ላብ ለስራህ ብሎ የላከልህ ዕቃ 5,000 ዶላርና ከዛ በላይ የሚያወጣና ያንተን ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ? እሱም ይጻፋል። እኛ አገር ስጦታ ስጦታ ነው፣ ተቀብለህ አመስግነህ ነው፣ ማን ዋጋ ገምቶ ቅጽ ይሞላል። እኔ ራሴ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠውን ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ከቴክኒሻናችን ጋር ሆነን ካርቶን እያነበብን ስንደምር ነው ያደርነው ማለት ይቻላል፣ 5,000 አልሞላም፣ ግን ለፒአዩ ነገርኩት። የሃርቫርዱ ኬሚስት ቻርልስ ሊበር እኮ በዲሴምበር 2021 ጥፋተኛ የተባለው ዉሃን ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመስራቱ ሳይሆን ስለዛ ግንኙነት መርማሪዎችን ዋሽቶ ገቢውንም ከታክስ ስለደበቀ ነው። በሌላ በኩል የኤምአይቲው ጋንግ ቼን በጃንዋሪ 2021 ተይዞ አንድ ዓመት ተጉላልቶ ክሱ ተነሳለት፣ ስለዚህ ቻይና የተማረ ሰው ሆዱ ቡጭ ቢል አትፍረዱበት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። 1.5 የቀነስኩት ለዚህ ነው።

አንደኛ ትሬኒንጉ የተሰራው ለአሜሪካ ካምፓስ ነው። "የሪሰርች ሴኪዩሪቲ ቢሯችሁን አማክሩ" ይላል። በዓመት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፌደራል ብር የሚያገኙት ተቋማት የሪሰርች ሴኪዩሪቲ ፕሮግራም እንዲኖራቸው በጃንዋሪ 2021 የወጣው የፕሬዚዳንት መመሪያ ስለሚያዝ እነሱ ቢሮ አላቸው። እኛ ያለን የምርምር ዳይሬክቶሬት ነው፣ ሄጄ ሰርተፍኬት ስላቸው "የደሞዝ ነው የስልጠና?" አሉኝ፣ ቅር አላለኝም፣ እኔም ሰኞ ጠዋት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ እንደኛ ሰብአዋርድ፣ ማለት ዋናው ተቋም ካገኘው ግራንት ቆርሶ የሚያካፍለውን ብር፣ ለሚቀበል ውጭ ላለ ተቋም የሚሆን ነገር በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ በጤናው በኩል፣ የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም የኤንአይኤች ብር ያለበት ስራ ላይ ከሆናችሁ፣ ከ2024 ጀምሮ ውጭ አገር ያለው ተቀባይ ቢያንስ በዓመት አንዴ የላብ ኖትቡኩንና ዳታውን ኮፒ ለዋናው ተቋም ማሳየት አለበት። መጀመሪያ በየ3 ወሩ ሊያደርጉት ነበር፣ ጩኸት በዛና ነው ወደ ዓመት የሄደው። የኛ ላብ ኖትቡክ ደሞ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነው፣ ስካን የሚደረገው አደባባዩ ጋር ያለ ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ይዘህ፣ በፍላሽ። የታካሚ ኮድ ያለበትን ገጽ እዛ ስካነር ላይ አስቀምጦ መሄድ ራሱ ሴኪዩሪቲ ነው ወይ? ስለዚህ ግን ከትሬኒንጉ ያገኘሁት ነገር የለም። አንዷ የስራ ባልደረባዬማ ይሄ ሁሉ ሳይደርስባት ሜይ 2025 ላይ ኤንአይኤች አዲስ አሰራር እስኪዘረጋ ውጭ ሰብአዋርድ ያለበት አዲስ ግራንት አልሰጥም ሲል ፕሮፖዛሏ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሦስተኛው እኔን ያናደደኝ ነው። ሰዓቱን ሙሉ የሚያወራው የነሱ እውቀት እንዳይወጣ ነው። ከኛ ስለሚወጣውስ? የጤፍን ነገር የማያውቅ ሀበሻ አለ? እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ፣ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 ነው። የኛም ህግ አለ እኮ፣ ዘርና ናሙና ከአገር ሲወጣ አዋጅ 482/1998፣ የሰው ዳታ ሲሆን አዋጅ 1321/2016 (ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው)። የውጭ አጋር ያለው ሰው የሚሰለጥንበት ነገር ላይ "የአጋራችሁን አገር ህግ ጠይቁ" ብሎ ሁለት ደቂቃ መስጠት ምን ይከብዳል፣ ለነሱም ይጠቅማቸዋል፣ ናሙናው ቦሌ ካርጎ ላይ ሲያዝ የሚደውሉት ለኛ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ስም። ሰርተፍኬቱ ላይ የኔንና የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ ኦርኪዴ (የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያለበት ገጽ) ላይ ግን የአያቴም አለ፣ ፓስፖርቴ ላይ ደሞ የአባቴ ስም ሌላ ስፔሊንግ ነው። ሐሙስ ሌሊት ከዛ በኩል "ይሄ ሰው ማነው" የሚል ኢሜይል መጣ። ከመጀመራችሁ በፊት ኦርኪዱ፣ ሲቪውና ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ አይነት ስም መሆኑን አረጋግጡ፣ እኔ በዚህ የተነሳ ትሬኒንጉን ሁለቴ ነው የወሰድኩት። ሁለተኛው ላይ መብራት ነበር፣ 55 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት የሚሉት ውሸት አይደለም።

ፒዲኤፉን ጂሜይል ላይ አስቀምጡት፣ ከ12 ወር በኋላ አዲስ ፕሮፖዛል ካለ እንደገና ነው። ለዳይሬክቶሬቱም በወረቀት ይሁን ስላሉኝ ፎቶኮፒ ቤቱ ጋ ሄጄ አስወጣሁት፣ ልጁ አየት አደረገውና "እንኳን ደስ ያሎት ዶክተር፣ ላሚኔት ላርግሎት?" አለኝ። አስደረግኩት።