አሮጌ አይፎን ይዛችሁ አገር ቤት ለምትገቡ፦ ስልካችሁን አሳድራችሁ አትስጡ

ለገና አዲስ አበባ ነበርኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ለሦስት ሳምንት። ስለ ብዙ ነገር መጻፍ እችል ነበር፤ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ስልክ ነው። ከእናቴ ጋር ላሳልፍ ካሰብኩት ጊዜ ላይ አንድ ሳምንት የበላብኝ እሱ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ጥቅምት አይፎን 16 ገዛሁ። አሮጌው አይፎን 14 ሁለት ዓመት የያዝኩት ነው፣ አንድም ጭረት የለበትም። የስልክ ኩባንያዬን አሮጌውን ውሰዱልኝ ስላቸው ዋጋውን 36 ወር ከፋፍለን ከየወሩ ሂሳብሽ ላይ እንቀንሳለን አሉኝ። በመሃል ከወጣሁ የቀረው ይቀራል። ተውኩት። ታናሽ እህቴ ቴሌግራም ላይ ልብስ ትሸጣለች፤ ፎቶውንም ቪዲዮውንም የምታነሳው ከአራት ዓመት በፊት በላኩላት ስልክ ነው። ለሷ ይዤላት ልሂድ አልኩ።

ያላሰብኩት ሲሙን ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አይፎን ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢ-ሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ብቻ ነው። 13 እና ከዚያ በፊት ያሉት አላቸው። እዚያ ሲም የሚያወጣ የሚያስገባ ሰው ስለሌለ ሁለት ዓመት ስይዘው አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እህቴ ስልኩን ተቀብላ፣ ስማኝ፣ ጎን ጎኑን አገላብጣ አየችና "ሲሙ በየት ነው የሚገባው?" አለችኝ። ኢትዮ ቴሌኮም ኢ-ሲም ይሰጣል፣ እውነት ነው። እሷ ግን ሁለት ቁጥር ነው ያላት። ቴሌብሯ በአንዱ ነው፣ ኢንተርኔቷ በሳፋሪኮም ነው፣ ባትሪ ሲያልቅባት ደግሞ ሲሟን ነቅላ የእናቴ ቀፎ ላይ ታስገባለች። እንዲህ ለሚኖር ሰው ማስገቢያ የሌለው ስልክ ከስጦታ ይልቅ ጣጣ ነው።

ስለዚህ በቅያሪ ጭማሪ ከፍለን ሁለት ሲም የሚይዝ 15 እንውሰድላት ተባባልን።

ድሮ ቢሆን ፒያሳ ነበር የምሄደው። የመጀመሪያዋን ኖኪያዬን የገዛሁት እዚያ ነው፣ አባቴ አብሮኝ ሄዶ። አሁን ያ ሰፈር በ2016 ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ የት እንደቆምኩ ለማወቅ እህቴን መጠየቅ ነበረብኝ። እሷ ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ በቴሌግራም አነጋገረች። የባትሪውን መጠን የሚያሳየውን ገጽና ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪ አሏት፣ ላከች። ባትሪው 91 ከመቶ ነበር። የናንተን በ58 ሺህ እንይዛለን፣ 15ቱ 110 ሺህ ነው፣ 52 ሺህ ትጨምራላችሁ አሉ። ጥሩ ነው ብለን ዓርብ ከሰዓት ሄድን።

እህቴ ስታወራ ዋጋው ያው ነበር። እኔ አፌን ስከፍት ተለወጠ። ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም፣ ስለ ዋስትና የሆነ ነገር ጠየቅኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ከውጭ ነው የመጣሽው እህቴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ የኔ ስልክ ሲም ስለማያስገባ 8 ሺህ ይቀነስበታል ተባለ፤ 15ቱ ደግሞ ትናንት ዶላር ስለጨመረ 118 ሺህ ገብቷል ተባለ። 52 ሺህ የነበረው ጭማሪ 68 ሺህ ሆነ። በደረሰኝ ከሆነ ደግሞ 15 ከመቶ ትጨምሪያለሽ።

ስለ ሲሙ የተናገረው ልክ ነው፣ የአሜሪካው በዚያ ምክንያት ይረክሳል። ስለ ዶላሩም ጨርሶ አልዋሸም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር እኔ በሄድኩበት ሰሞን ከ120 በላይ ነበር፤ ነጋዴም እቃውን የሚያመጣው በዚያው ዶላር ነው። ግን የሲሙን ነገር ጠዋት ለእህቴ ሲነግሯት ያውቁት ነበር። ሞዴሉን በፎቶ አይተውታል። የተለወጠው እኔ መምጣቴ ብቻ ነው። በገዛ ከተማዬ በአነጋገሬ መታወቄ ከ16 ሺህ ብሩ በላይ አመመኝ።

ከሱቁ መውጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። በዓል ነው፣ እህቴ ጓጉታለች፣ እሺ አልኩ። 15ቱ መጋዘን ነው፣ ነገ ይመጣል አሉ። ቀብድ 15 ሺህ ብር ከፈልን። 14ቱን ደግሞ ቴክኒሻኑ እንዲያየው ትተሽው ሂጂ አሉኝ። አይክላውዴን አውጥቼ፣ ውስጡን አጥፍቼ ሰጠኋቸው። ምንም ወረቀት አልተቀበልኩም። እዚያ አሜሪካ ስልክ በፖስታ ስትልክ መጀመሪያ የሚሰጥህ ዋጋ በጽሑፍ ነው፤ ካዩት በኋላ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርጉ እንኳ አልፈልግም ካልክ ስልክህን መልሰው ይልኩልሃል። እሱን ለምዶ እጄ ሳላስብ ሰጠ።

ቅዳሜ ሄድን፣ ቴክኒሻኑ አልመጣም። እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ የገና ዋዜማ ነበር። እናቴ ከኔ ጋር ዶሮ ልትገዛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ "መቼ ነው አብረሽኝ ገበያ የምትወጪው" ስትለኝ ነበር። ሱቁ ሦስት ሰዓት ላይ ኑ ብሎን ስለነበር እማዬ ቶሎ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ። ሦስት ሰዓት አልተከፈተም። አራት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ መጥታ ከፈተች፤ እሷ ስለ ቅያሪው የምታውቀው ነገር የለም። ደወለች። "መንገድ ላይ ነው" አለችን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለች፣ መገናኛ ደርሷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ አሁንም መገናኛ ነው። በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የበዓሉን ዘፈን ከጎረቤት ሱቅ እየሰማሁ፣ በመስኮቱ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚያልፈውን ሰው እያየሁ ስምንት ሰዓት ሆነ። ልጁ አልመጣም። ቤት ስደርስ እናቴ ከጎረቤት ጋር ሄዳ ገዝታ ተመልሳ፣ ሽንኩርቱን ግማሽ አድርሳው ነበር። ምንም አላለችኝም። "ምሳ በልተሻል?" ብቻ ነው ያለችኝ።

ማክሰኞ ገና ነው፣ አለፈ። ረቡዕ ስንሄድ ልጁ አለ፣ 15ቱ ግን የለም። ይልቅ ያንቺ ስልክ ባትሪው ችግር አለበት፣ ሌላ 12 ሺህ ይቀነሳል አለኝ። ስልኬን ስጠኝ አልኩት። ተቀብዬ እዚያው ቆሜ ከፈትኩት፣ አባውት ውስጥ ገባሁ። ዕቃና ጥገና የሚል አዲስ ክፍል መጥቷል፤ ባትሪው ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ነው ይላል። ይህ ክፍል ጭራሽ የሚታየው የስልኩ ዕቃ ከተቀየረ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት በላክንላቸው ፎቶ ላይ አልነበረም። እህቴ ቴሌግራሟን ከፍታ ራሳቸው የተቀበሉትን ፎቶ አሳየቻቸው። ልጁ ፎቶውን አየና "ከአሜሪካ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው" አለ። ጀርባው ላይ የነበረው ሌላኛው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ግን እኔ እንድሰማ ሆኖ፣ "ተዋት፣ ዳያስፖራ ናት፣ ትሄዳለች" አለው።

ማን እንደፈታው፣ ባትሪዬ አሁን የማን ስልክ ውስጥ እንዳለ አላውቅም። ከቀብዱ 12 ሺህ መለሱልን። 3 ሺህ ለቴክኒሻን ብለው አስቀሩ። እህቴ ፖሊስ እንጥራ አለች፤ እኔ ደክሞኝ ነበር። ደረሰኝ የለኝም፣ ስልኩን ማስረከቤን የሚያሳይ ወረቀት የለኝም። ወጣን።

ሌላውን ሱቅ ያገኘነው በእህቴ ደንበኛ በኩል ነው። መገናኛ፣ አንዱ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ጠረጴዛ የማይሰፋ ቦታ ነው። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከውጭ እንደመጣሁ እንዳይታወቅ እህቴ ዝም በይ ብላኝ ነበር፤ ግን ገና ስገባ "እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፣ መልካም ገና" አለኝ። ስልኩን ተቀብሎ ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳው፣ እኛ እያየን፣ ሁሉንም ፈተሸ። ድምጽ፣ ካሜራ፣ ፌስ አይዲ፣ ቻርጅ። ኔትወርኩ በኩባንያ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑንም እዚያው አባውት ውስጥ አየ፤ ያልተቆለፈ ነው። ባትሪው ጋ ሲደርስ ቆመና "ይህን ያስቀየራችሁት የት ነው?" አለ። ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየ። ባትሪው የራሱ ቢሆን 52 ሺህ እይዘው ነበር፣ አሁን ግን ከ46 በላይ ብሰጥሽ እኔ እከስራለሁ አለኝ። ዋጋውንም ምክንያቱንም በአንድ ጊዜ ነገረኝ። አልተከራከርኩም።

15ቱን በ112 ሺህ ሰጠን፣ 66 ሺህ ጨመርን። ዋጋው ከነደረሰኙ ነው። ሁለት ሲም በአካል የሚይዘው አይፎን የሆንግ ኮንግና የቻይናው እንደሆነ፣ ከአሜሪካው በቀር ሌላው 15 ግን አንድ ሲምና ኢ-ሲም እንደሆነ ያወቅኩት ከሱ ነው። የኛ የሆንግ ኮንጉ ነው፣ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዜድ ኤ ይላል። የቁጥሩን መጀመሪያም አሳየን። በኤም ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ በኤፍ ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ ነው፣ በኤን ከጀመረ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። በዚህ ከተማ "ያልተከፈተ" ተብሎ በአዲስ ካርቶን የሚሸጠው ሁሉ በኤም አይጀምርም፣ ካርቶን ማሸግ ቀላል ነው አለን። ከዚያ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውሎ የወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር፣ ከሴቲንጉ ጋር አንድ በአንድ እያነበበ እህቴን አስተያያት። አፕል ድረ ገጽ ላይም ሴሪያል ቁጥሩን አስገብቶ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ አሳያት። እኔ አሥር ዓመት አይፎን ይዤ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

የሁለቱንም ስልክ መለያ ቁጥር፣ የተቀበለውንና የሰጠውን፣ ጭማሪውን፣ ቀኑን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማህተም መታበት። የአንድ ሳምንት ዋስትና ሰጠን። ከገባን እስከወጣን ሃምሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሻይ ጋብዞናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ትልቁ ሱቅ ውስጥ ወረፋ ይዤ፣ ስሜን በስክሪን ላይ ሲጠሩኝ ጠብቄ፣ እንዲህ ጊዜ ወስዶ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ለምትሄዱ፦ የያዛችሁት የአሜሪካ 14 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ከሆነ ሲም እንደማያስገባ ለምትሰጡት ሰው ቀድማችሁ ንገሩት። 13 ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ከኩባንያው ቁልፍ ነጻ መሆኑን እዩ፣ ዕዳ ያለበት ስልክ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚቆየው። የአባውትን ገጽ ፎቶ አንሱ። ዋጋውን እዚያው የሚኖር ሰው ይጨርስላችሁ፣ በጽሑፍ። እና ስልኩ ከዓይናችሁ አይራቅ። "ቴክኒሻኑ ይየው" ካሉ ቴክኒሻኑ እናንተ ባላችሁበት ይምጣ፤ ካልመጣ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

እህቴ በአዲሱ ስልክ መጀመሪያ ያነሳችው ሐበሻ ቀሚስ ነው፣ በማግስቱ ተሸጠ። ማህተም ያለበትን ወረቀት እናቴ ተቀብላኝ ባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጠችው። ዋስትናው ጥር ላይ አልቋል። ትናንት ስደውል ወረቀቱ አሁንም እዚያው ነው አለችኝ።