ትልቅ ፖርታል ወይስ አንድ ሠንጠረዥ? የከተማ መረጃን ለሕዝብ ስለ መክፈት

ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ መረጃዋን ለሕዝብ ልክፈት ብትል ከፊቷ ሁለት መንገድ አለ፦ ሁሉንም ጽሕፈት ቤት የሚያቅፍ ፖርታል (የመረጃ ድረ ገጽ) ማስገንባት፣ ወይም ሰው አብዝቶ የሚጠይቀውን አንድ መረጃ መርጦ በየሳምንቱ በሠንጠረዥ ማውጣት።

ፖርታሉ ሲመረቅ ያምራል። ጣጣው ከሪባኑ በኋላ ነው፤ የሚያድሰው ሠራተኛ በስም አይመደብም፣ ጽሕፈት ቤቶቹም ማኅተም ያረፈበት ስካን ፒዲኤፍ ይልካሉ። ከስካን ላይ ቁጥር አይደመርም፤ ቁጭ ብሎ እንደገና መተየብ ነው።

ለሠንጠረዡ፣ የእህል ዋጋ ነው እንበል፣ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ገበያ፣ እህል፣ መለኪያ፣ ዋጋ በብር። እሱም ቢሆን ወጥመድ አያጣውም። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» ለእኛ አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው፤ የደሴው ሰፈር «ቧንቧ ውሃ» እና «ቧንቧ ውኃ»ም እንዲሁ። መፍትሔው ለየቦታው የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። «2016» ብቻ ከተጻፈ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አይለይም። ኪሎና ኩንታል በአንድ ዓምድ ከተቀላቀሉ ዋጋው መቶ እጥፍ ይዘላል። ሠንጠረዡ እንደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲቀመጥ ኤክሴል ላይ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ካልተመረጠ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያርፋል (ዋናውን ፋይል የሰረዘ ያን ጊዜ ይወቀው)።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ዓምድ አያስተካክልም። ስለዚህ ምርጫችን ሠንጠረዡ ነው። ፖርታል የሚያስፈልገው ውሃው፣ ጤናውና ትምህርቱ በአንድ የቀበሌ መለያ መገናኘት ሲጀምሩ ነው፤ ያኔም የግለሰብ ስምና ስልክ ቀድሞ ከመረጃው ይሰረዝ።