ቮልስዋገኔን ያከረምኩበት የአዘዞ መንገድ ጋራዥ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ግንቦት መገባደጃ ላይ ሐምሌንና ነሐሴን የት እንደሚያሳልፋት ማሰብ ይጀምራል። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስዋገን በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1200 ሲሲ ናት። ክረምት ላይ ስለማልነዳት ዘንድሮ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በወር 2,500 ብር ከፍዬ አስቀምጫታለሁ። የአገልግሎቱን ጥሩና ጉድለት የምጽፈው እንዲህ ያለች መኪና ላላቸው የከተማችን ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

አምና ሌላ ግቢ ባስቀመጥኳት ጊዜ ጠባቂዎቹ በቅንነት ወፍራም ላስቲክ አልብሰው በገመድ አስረዋት ነበር። ላስቲክ ዝናብ አያስገባም፤ ከመሬት የሚነሣውን እርጥበት ግን አፍኖ ይይዛል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ከሥሩ ያለው አየር ይሞቅና ሌሊት ሲበርድ ውኃ ሆኖ ላሜራው ላይ ያርፋል፤ ይህም ሦስት ወር ሲደጋገም ቀለሙን ከሥሩ ያስለቅቀዋል። መስከረም ላይ ስንገልጣት ኮፈኗ በጥቃቅን አረፋ ተሞልቶ፣ የፓራፋንጎዋ (የጎማ መሸፈኛ ላሜራዋ) ጠርዝም ነፋስ ገመዱን ባወዛወዘ ቁጥር ተፍቆ ብረቱ ወጥቶ አገኘሁት። አባቴ በየእሑዱ በእጁ የሚወለውላት መኪና ስለነበረች በጣም አዘንኩ።

የአሁኑ ጋራዥ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ፣ ላስቲክ የሚባል ነገር አያስጠጉም። መኪናዋ ታጠበች፤ ከበሮቹ ሥር ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ተጠርገው ከደረቁ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰም ተቀባች። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ በልብስ ሰፊ ያሰፋሁትን የአቡጀዲ ልብስ አልብሰው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አቆሟት። አቡጀዲ አየር ስለሚያስተላልፍ እርጥበቱ መውጫ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በነዳጁ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ከሞተሩ ሥር ነጭ ካርቶን ዘርግተው አደረ። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው እርጥብ ምልክት አሳይተውኝ፣ «ልጄ፣ ይህ ዘይት አይደለም፤ እስኪ አሽትተው» አሉኝ። ቤንዚን ነበር። ምንጩም ከነዳጅ ፓምፑ ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚሄደው በጨርቅ የተሸፈነ የጎማ ቱቦ ነው፤ ከላይ ሲታይ ደኅና ይመስላል፣ ፋሸታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) የያዘው ቦታ ላይ ግን ውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መኪና ሲነዳ ጠብታው ትኩስ ሞተር ላይ ወዲያው ስለሚተን ማንም ልብ አይለውም። ቱቦው የሚያልፈው ደግሞ ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው፤ ብልጭታና ቤንዚን እንዲህ ተቀራርበው ለስንት ጊዜ እንደነዳኋት ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

በቮልስዋገን ሰልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ከፊት፣ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ ከቆመች ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይገፋል፤ በፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ከተቀደደ ደግሞ ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። እንደ ጎንደር ባለ ዳገታማ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርሳቸው የዘይት መለኪያውን መዝዘው አሸተቱት፤ ቤንዚን አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ መኪናዋን ለጥ ባለ ቦታ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑ እንዳይጣበቅ ለቀው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፏቸው። የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ ኢታኖል የተባለውን አልኮል በሚቋቋም ዓይነት ለወጧቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው ኢታኖል የድሮ ጎማን ያበላሻል፣ ውኃም ይስባል።

በመጨረሻ ከሰልባትዮው የሚመጣውን መስመር ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ አስነሥተው ተዉት። ካርቡራተር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲተን የሚተወው ሙጫ መሰል ቅሪት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ነዳጅ የሚዘጋውን መርፌም ስለሚይዘው መኪናዋ መስከረም ላይ ስትነሣ ቤንዚን ታፈሳለች። 40 ሊትር የሚይዘው ሰልባትዮ 37 ሊትር ያህል ተሞላ፤ ባዶ ቦታው ሲበዛ እርጥበት ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ ሙቀት ቤንዚኑን አስፍቶ ያስወጣዋል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪም ወጣ።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። በዚህ ሞዴል የነዳጁ መሙያ ያለው የፊቱ ኮፈን ውስጥ ስለሆነ፣ ረዳቱ ከጀሪካን ሲሞላ ቤንዚን ጠርዙ ላይ አፈሰሰና በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፤ ቀለሙ መዳፍ በሚያህል ስፍራ ደብዝዞ ቀርቷል። ጨርቅ ቀድሞ ማንጠፍ፣ ከፈሰሰም ወዲያው በውኃ ማጠብ ይገባ ነበር። ሁለተኛውና የከበደው፣ የእሳት ማጥፊያው ያለው መኪኖቹ ዘንድ ሳይሆን ቢሮው ውስጥ ነው፤ ግቢው ማዶ ደግሞ ብየዳ ይሠራል። ይህን በግልጽ ነግሬያቸው ማጥፊያውን ወደ መኪኖቹ አምጥተው ለመስቀል ቃል ገብተውልኛል።

መስከረም ላይ ካርቶኑ ደረቅና ነጭ ነበር፤ ኮፈኗ ላይም አዲስ አረፋ አልነበረም። ባትሪው ከተመለሰና መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ማጥፊያው ተሰቅሎ ካየሁ ለሚመጣው ክረምትም እዚያው አስቀምጣታለሁ። ቦታው ከስድስት መኪና በላይ ስለማይዝ የሚፈልግ ሰው ግንቦት ሳይጋመስ ሄዶ ቢነጋገር ይሻላል።